የሎላ ሴፋ ጣሳ

«እጅሽን ከሊጡ ላይ አንሺ!»

ሬሊን እጇን ሰበሰበች። ሊጡን እኮ አልነካችውም፤ የነካችው የሳህኑን ጠርዝ ነው። ለአጎቷ ሚስት ለቲታ ፔርላ ግን ሁሉም ያው ነው።

«ድንች ላጪ አልኩሽ እንጂ ሊጥ ዳብሺ አልኩሽ?»

«ሳህኑን ላስጠጋልዎት ብዬ ነው።»

«ማን አስጠጊልኝ አለሽ? ዛሬ እዚህ ሊጥ ውስጥ ከእኔ እጅ በቀር የማንም እጅ አይገባም። ሰምተሻል? የማንም!»

በሩን ተደግፋ ስልኳን የምትነካካው ዳኒካ ከት ብላ ሳቀች። ዳኒካ የቲታ ፔርላ ልጅ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሬሊንን በሁለት ዓመት ትበልጣታለች። በዚህች በሁለት ዓመት ደግሞ የሁለት መቶ ዓመት ያህል ትኮራለች።

«ተያት እማ፣ ሼፍ ነኝ ብላ እኮ ነው» አለች። «የድንች ሼፍ!»

ሬሊን ድንቹ ላይ አቀርቅራ መላጧን ቀጠለች። አላጣጧን ላየ ሰው ግን ድንች ሳይሆን የዳኒካን ምላስ የምትልጥ ነበር የምትመስለው።

የዚያን ቀን ጠዋት ካሉምፒት ከተማ ውስጥ ዝናብ ያካፋ ነበር። አጎቷ ቲቶ አምቦ፣ የቲታ ፔርላ ባል፣ ግቢው ውስጥ ሸራ እየወጠረና ወንበር እየደረደረ ነው። የእናቱ፣ ሬሊን «ሎላ» እያለች የምትጠራቸው የአያቷ የሎላ ሴፋ ሙት ዓመት ነው። እኩለ ቀን ላይ ጸሎት ይደረሳል፤ ከጸሎቱ በኋላ ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ የለበሰውን ከል አውልቆ ቀለም ያለው ልብስ ይለብሳል። ከዚያ ይበላል። የሚበላው ደግሞ ሌላ ምንም ሳይሆን ኢምፓናዳ ነው፤ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ በድንች፣ በካሮት፣ በአተርና በዘቢብ ተሠርቶ ሊጥ ውስጥ ተሞልቶ የሚጠበሰው የሎላ ሴፋ ኢምፓናዳ። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ እዚያ ቤት አንድም ኢምፓናዳ አልተጠበሰም። ከሉ ሳይወልቅ አይደረግም ተብሎ ነበር።

ሬሊን ያደገችው ሎላ ሴፋ ጋ ነው። እናቷ ሆንግ ኮንግ ሰው ቤት ትሠራለች። አያትና የልጅ ልጅ ለብቻቸው ይኖሩበት በነበረው ቤት፣ ከቀብሩ በኋላ ቲታ ፔርላ ባሏንና ልጇን ይዛ ገባችበት። ቤቱ የባሏ ነው፤ ምን ይባላል? ግን ከገባችበት ቀን ጀምሮ እሷና ሬሊን ዓይንና ናጫ ናቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ «ደህና አደርሽ» እንኳ የሚባባሉት ጥርሳቸውን ነክሰው ነው።

ቲታ ፔርላ ወረቀቱን ከወገብ ሽርጧ ኪስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ላስቲክ አልብሳዋለች። የሎላ ሴፋ የእጅ ጽሕፈት ነው፤ ዘንበል ዘንበል ያለ፣ እርሳሱ ተጭኖ የተጻፈ።

«አሥራ ሁለት ጣሳ ዱቄት» ብላ ጮክ ብላ አነበበች፤ ሬሊን እንድትሰማ ነው። «አራት ጥቅል የገበታ ቅቤ። ስምንት እንቁላል። ሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ። ይኸው! ይሄ ነው እንግዲህ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እንደ ወርቅ ሲደበቅብኝ የኖረው። ሎላ ኡርሲንግ ትምጣና ትቅመሰው። 'አንቺማ ሊጥ አታውቂም' ስትለኝ የኖረችው ሴትዮ!»

ሎላ ኡርሲንግ የሟቿ ታናሽ እህት ናቸው። ዛሬ ከሃጎኖይ ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት በስልክ ቲታ ፔርላ «ኢምፓናዳውን እኔው ራሴ ነኝ የምሠራው» ብትላቸው፣ «እናያለና!» ብለው ጆሮዋ ላይ ዘግተውባታል። ዘመድ ሁሉ ይህን ሰምቷል። ዛሬ ኢምፓናዳው ካማረ፣ ፔርላ የዚያ ቤት እመቤት ናት። ከተበላሸ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ መሳቂያ ናት።

ሬሊን ደግሞ ኢምፓናዳው እንደሚበላሽ ታውቃለች።

ያወቀችው ከጠዋት ጀምሮ ነው። ቲታ ፔርላ ዱቄቱን የሰፈረችው ዱቄቱ ዕቃ ውስጥ ባለው በትልቁ የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር። የሎላ ሴፋ ጣሳ ግን ያ አይደለም። የእሳቸው ጣሳ ትንሿ የጣፋጭ ወተት ጣሳ ናት፤ ከንፈሯ በአሸዋ ተፈግፍጎ የለሰለሰ፣ ላይዋ ላይ የነበረችው ላም ተፍቃ ቀንዷ ብቻ የቀረ። ሩዝም፣ ዱቄትም፣ ስኳርም የሚሰፈረው በእሷ ነበር። ትልቁ ጣሳ እሷን በግማሽ ያህል ይበልጣል። እንቁላሉና ቅቤው ግን በቁጥር ስለሆነ አይጨምርም። እንግዲህ ያ ሁሉ ዱቄት በዚያ ቅቤ ምን ይሆናል? ድንጋይ!

ትንሿ ጣሳ አሁን ያለችው ሬሊን መኝታ ቤት ነው። ቲታ ፔርላ ቤቱን ስታጸዳ ከቆሻሻ ጋር ወርውራት ነበር፤ ሬሊን ከገንዳ አውጥታ አጥባ የእስክሪብቶ ማስቀመጫ አደረገቻት። ዳኒካ ያን ቀን «ቆሻሻ ለቃሚ» የሚል ስም አወጣችላት። ትምህርት ቤት ድረስ ነው ያደረሰችላት፤ እንዴት ያለ ሼም ነበር!

ሌላም ነገር አለ። ሎላ ሴፋ አልጋ ላይ ሳሉ ወረቀቱን ጽፈው ለፔርላ የሰጡ ዕለት፣ ማታውኑ ሬሊንን ወደ አጠገባቸው ጠርተው በጆሮዋ «ወረቀቱን ሰጠኋት፤ ጣሳዬን ግን አልሰጠኋትም» ብለዋት ነበር። ከዚያ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ሬሊንም አብራ ሳቀች። «እንዳትነግሪያት፣ ማይልኝ» አሏት። ሬሊን ማለች። ለሎላ ሴፋ የገባችው የመጨረሻ ቃል እሱ ነው፤ ከአያቷ ከጣሳዋና ከዚህ ቃል በቀር ምን ተረፋት?

ሊጡ መሰነጣጠቅ ጀመረ።

ቲታ ፔርላ መዳመጫውን ስትጫነው ጠርዝ ጠርዙ እንደ ደረቀ ጭቃ ይፈረካከሳል። ውሃ ጨመረች። አሸች። ክንዷ እስኪንቀጠቀጥ አሸች። አሁን ደግሞ እንደ ጎማ ሆነ፤ ስትዘረጋው ተመልሶ ይሰበሰባል። እንደ ምንም ዳምጣ፣ ሥጋውን ሞላች፤ ጠርዙን በሹካ እየወጋች ዘጋችው። ሬሊን ሹካውን አይታ በሆዷ ሳቀች። ሎላ ሴፋ ጠርዙን እንደ ሹሩባ በጣታቸው ነበር የሚጎነጉኑት።

የመጀመሪያዋ ኢምፓናዳ ዘይት ውስጥ ገብታ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ጧ! ብላ ፈነዳች። ዘቢቡ ዘሎ ምድጃው ላይ ዐረፈ፤ ዘይቱ የቲታ ፔርላን የእጅ አንጓ ገረፋት።

«እማ!» ዳኒካ ጮኸች።

«ዝም በይ! ዘይቱ በጣም ሞቆ ነው።»

ሁለተኛዋም ፈነዳች። ሦስተኛዋ አልፈነዳችም፤ ግን አፏን ከፍታ ሥጋዋን ሁሉ ዘይቱ ውስጥ ተፋችው። የተረፈውን ቅርፊት ዳኒካ ነክሳ አየችውና መልሳ ተፋች።

«ይሄ ጥርስ ይሰብራል።»

ቲታ ፔርላ ዞር ብላ ሬሊን ላይ አፈጠጠች። ፊቷ ከምድጃው ይልቅ ቀልቷል።

«ዓይንሽን ከዘይቱ ላይ አንሺልኝ! አንቺ ነሽ በዓይንሽ የምታፈነጂው! ከጠዋት ጀምሮ እንደ ጉጉት ተቀምጠሽ ትጠብቂያለሽ። እንዲበላሽብኝ ስትጸልዪ ነው ያደርሽው፣ አይደለም?»

«እኔ ድንች ነው የላጥኩት።»

«አፍሽን ዝጊ! ከዛሬ በኋላማ እዚህ ቤት አታድሪም። ሎላ ኡርሲንግን ተከትለሽ ትሄጃለሽ። እዚያ ሆነሽ እኔን እያማችሁ ኑሩ!»

የሬሊን ደም ፈላ። ግን አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ይበላት! ሎላ ኡርሲንግ ነክሰው፣ ጥርሳቸውን ይዘው፣ ሰው ሁሉ ፊት ሲተፉት ታያት። ቲታ ፔርላ የምትገባበት ቀዳዳ ስታጣ ታያት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ሬሊን ግን በዚያ ሰዓት ጸሎት ትዝም አላላት። ቂሙ ብቻውን በቅቷት ነበር።

ቲታ ፔርላ እሳቱን አጥፍታ ዱካ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። የተቃጠለ አንጓዋን አፏ ውስጥ አድርጋ መጠጠችው። ከዚያ ወረቀቱን አነሳችና በዱቄታም ጣቷ መስመር በመስመር ተከተለችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሂሳብ የጠፋበት ተማሪ ትመስል ነበር።

«አሥራ ሁለት ጣሳ… አሥራ ሁለት ነው ያደረግኩት። ቆጥሬያለሁ። ስምንት እንቁላል… ስምንት ነው።» ድምጿ ቀጠነ። «ዳኒካ፣ አንቺ ንገሪኝ፤ ምኑ ጋ ነው የሳትኩት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እማ? ምናልባት አሮጊቷ ተሳስታ ጽፋው ይሆናላ!»

«እንደዚያ አትበይ!» ቲታ ፔርላ ቆጣ አለች። «በገዛ እጃቸው ነው የጻፉልኝ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ። ላዩ ላይ ያለውን አታይም? 'ለልጄ ለፔርላ' ነው የሚለው። አሥራ ስምንት ዓመት 'የአምቦ ሚስት' ሲሉኝ ኖረው፣ ልጄ ያሉኝ እዚህች ላይ ብቻ ነው።»

ሬሊን ድንቹን አስቀመጠች።

ወረቀቱ ለምን ላስቲክ እንደለበሰ አሁን ገባት። ያን ማታ የሳቀችው ሳቅ ትዝ አላት፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አፏን በእጇ ሸፍና። የዚያን ጊዜ እንዴት አስቋት ነበር! አሁን ግን አፈረች። ስለ ራሷ አፈረች፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ስለ ሎላ ሴፋ አፈረች። የምትወዳቸው አያቷ ሰው ሲከፋ ማየት የሚያስደስታቸው ሴትዮ ነበሩ እንዴ? ነበሩ። አንዳንድ ጊዜ ነበሩ።

ቲታ ፔርላን ግን አልወደደቻትም። እሱን ማንም እንዳይሳሳት። ተነሥታ ወደ መኝታ ቤቷ የሄደችው እየተናደደች ነው።

እስክሪብቶዎቹን አልጋው ላይ ገለበጠቻቸው። ጣሳዋን ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ተመልሳ መጣች።

«ደሞ ቆሻሻሽን ይዘሽ የት ነው?» አለች ዳኒካ።

ሬሊን ትንሿን ጣሳ ጠረጴዛው ላይ፣ ከትልቁ ጣሳ ጎን አስቀመጠቻት።

«በዚህች ነው የሚሰፈረው።»

ቲታ ፔርላ አንዴ ትንሿን፣ አንዴ ትልቁን አየች። ከዚያ ሬሊንን አየቻት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ድሮም አውቅ ነበር።»

«ጠዋት በትልቁ ስሰፍር አይተሽኛል።»

«አይቼዎታለሁ።»

«እና ዝም አልሽ!»

«ዝም አልኩ።»

ቲታ ፔርላ ብድግ አለች። እጇ ተነሣ፤ ዱቄቱ ከጣቶቿ ላይ ቡን አለ። ሬሊን ዓይኗን ጨፈነች እንጂ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ጥፊው ሳይመጣ ሲቀር ዓይኗን ገለጠች። የተነሣው እጅ ጣሳዋ ላይ ዐርፏል።

«እሳቸውስ?» አለች ቲታ ፔርላ ዝግ ብላ። «ይህን ሲጽፉልኝ… ያውቁ ነበር?»

«ረስተውት ነው» ማለት ቀላል ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሬሊን ግን መሬት መሬት አየች።

«ተይው» አለች ቲታ ፔርላ። «አትመልሺ።»

ከዚያ ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም፤ ዳኒካ እንኳ ስልኳን አወረደች።

«አይ እማማ ሴፋ! ሞተሽም አትለቂኝም አንቺ ሴትዮ!» በሽርጧ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገችና ወደ ልጇ ዞረች። «ምን ትገተሪያለሽ? ሩጪ ሱቅ! አራት ጥቅል ቅቤና ስምንት እንቁላል! ስልኩን አስቀምጪና ሩጪ!» ሬሊንን ሳታያት ጨመረች፤ «አንቺም እጅሽን ታጠቢ።»

ሬሊን እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች።

አዲሱን ሊጥ አብረው አቦኩት። ፍቅር ግን አልነበረም። «አትጎትችው»፣ «እያየሁ ነው»፣ «ውሃውን ቀስ»፣ «ነገሩኝ እኮ» እየተባባሉ ነው። ሊጡ ግን ሐር ሆነ፤ መዳመጫው ሲጫነው ሳይነጫነጭ ተዘረጋ። ሬሊን ጠርዙን እየጎነጎነች ትሪው ላይ ደረደረች። ቲታ ፔርላ አየት አድርጋት ሹካዋን አነሣች።

«መጎንጎኑን ላሳይዎት?»

«አያስፈልገኝም። ጣሳዋን ወሰድኩ ማለት እጄን ቆርጬ የእማማ ሴፋን ቀጠልኩ ማለት አይደለም። የእኔ በሹካ ነው የሚዘጋው።»

ግማሹ የተጎነጎነ፣ ግማሹ በሹካ የተወጋ ሰማንያ ኢምፓናዳ ተጠበሰ። አንድም አልፈነዳ።

ጸሎቱ አልቆ ሁሉም ከሉን ሲያወልቅ፣ ቲታ ፔርላ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ መጣች። የሟች ድርሻ ይቀድማል፤ ስለዚህ ከትሪው ላይ በሹካ የተዘጋች አንዲት ኢምፓናዳ መርጣ ከሎላ ሴፋ ፎቶ ፊት ያለው ሳህን ላይ ጣል አደረገቻት።

«ይብሏት እንግዲህ!» አለች በጥርሷ መሐል። የሰማችው ሬሊን ብቻ ነበረች።

ሎላ ኡርሲንግ ሸራው ሥር መሐል ወንበር ላይ ተሰይመዋል። እሳቸው ለሬሊን ሁልጊዜ ደግ ናቸው፤ ሲመጡ «የእህቴ ዓይን» ብለው ይስሟታል፤ በዚያ ቤት ለእሷ የሚቆረቆር ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው። ከትሪው አንድ ኢምፓናዳ በሁለት ጣት አንሥተው ገለባበጡት።

«ሹካ!» አሉ አፍንጫቸውን ነፍተው። ጎናቸው ያሉት ሳቁ። ከዚያ ነከሱ። አኘኩ። ማኘካቸውን አቆሙ።

«ይሄ የሴፋ ነው።»

ሳቁ ቆመ።

«ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ» አለች ቲታ ፔርላ።

«ውሸት! ሴፋ ለአንቺ ያልሰጠችሽ ነገር እንዳለ በጆሮዬ ነግራኛለች። እንዴት አድርጋ ፊት እንደነሳችሽ እያሳቀች ነው ያጫወተችኝ። ማነው የሰጠሽ?» ዓይናቸው ዞሮ ዞሮ ትሪ ይዛ የቆመችው ሬሊን ላይ ዐረፈ።

ቲታ ፔርላ ቀና ብላ እንደቆመች ናት። ሬሊንን አላየቻትም፤ አድኚኝም አላለቻትም። ሬሊን ዝም ማለት ትችላለች። ሎላ ኡርሲንግ ያለ ማስረጃ ምን ያመጣሉ? ቲታ ፔርላን ሌባ ብለው ይሄዳሉ፤ ሬሊን የእህታቸው ዓይን እንደሆነች ትቀራለች።

«እኔ ነኝ» አለች ሬሊን። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «ጣሳዋን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። የሠሩት ግን ቲታ ናቸው።»

ሎላ ኡርሲንግ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል አሉ! አሁን የምታጎርስሽ እሷ ናት መቼስ። አያትሽ አምናሽ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

ይህ እስከ አጥንቷ ገባ። ሰው ፊት ማልቀስ ግን አልፈለገችም።

«አምነውኝ ነበር» አለች። ትሪውን ጠጋ አደረገችላቸው። «ይድገሙ፤ ሲበርድ አይጥምም።»

ሎላ ኡርሲንግ አፈጠጡባት፣ አጉረመረሙ፣ ከዚያ ሁለት አነሡ። አንዱን በሉ፤ አንዱን በወረቀት ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ሲሄዱ ሬሊንን አልሳሟትም።

ማምሻው ላይ ግቢው ባዶ ሆነ። ቲታ ፔርላ አላመሰገነችም፤ ምስጋና የጠበቀም የለም። «የሳህኑ ክምር ራሱን አያጥብም» ብላ ነው ወደ ውስጥ የገባችው። ከሎላ ኡርሲንግ ጋር ትሄጃለሽ ያለችውን ግን አላነሣችውም። ሬሊን ሳህኖቹን አጠበች። በመጨረሻ ትንሿን ጣሳ አጠበች፤ በጨርቅ አደረቀች፤ ይዛት ወደ መኝታ ቤቷ ሄደች።

እስክሪብቶዎቹ አልጋው ላይ እንደተበተኑ ናቸው። ጎናቸው ተቀመጠች። የላሟን ቀንድ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

ከወጥ ቤት የቲታ ፔርላ ድምፅ መጣ፤ እንደ ሁልጊዜው ቁጡ ነው።

«አንቺ! የዱቄት ጣሳዋን የት አባሽ አደረግሻት?»

ሬሊን ጣሳዋን አየች።

«ዱቄቱ ውስጥ ነች!» አለች።

ከዚያ ተነሥታ ሄዳ ከተተቻት።